የማትሄደው ተሳፋሪ

ወልዴ፣ በፖስት ካርዱ ጀርባ ያለው ጭላሎ ተራራ ነው፤ እኔ ግን በብዛት ያየሁት የሚኒባስ ውስጥ ነው። ሳጉሬ መናኸሪያ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» ብለው አስገቡኝና አንድ ሰዓት ቆምን። አጠገቤ ነጠላ የለበሰች ልጅ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ስሟ ሐመልማል ነው።

«ወደ አሰላ ነሽ?» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ መኪናው ባዶ እንዳይመስል ነው የተቀመጥኩት። የጠየቀኝን ግን አልዋሽም።»

ሌሎቹንም ጠየቅኩ። ከእኔ በቀር የሚሄድ የለም። እኛ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው በዝቶ እንጣላለን፤ እዚህ ሰው ይሠራሉ።

«ታዲያ ለማን ነው የምትጸልዪው?»

«ለእርስዎ ነዋ። በቀን አሥር ጊዜ እሳፈራለሁ፣ አሰላን ግን አይቼ አላውቅም። እኔ ብወርድም ጸሎቱ ይሄዳል።»

ተናድጄ «መቀመጥሽ ራሱ ውሸት ነው» አልኳት። «እንግዲያው እውነት ላድርገዋ» አለች። እውነተኞቹ ተሳፋሪዎች መጥተው ሌሎቹ ሲወርዱ እሷ አልወረደችም። አሰላ ስንደርስ «ይሄን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?» ብላ ወዲያው መመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ገባች፤ ለሠርክ ጸሎት ሳጉሬ መድረስ አለባት። አንድ የሳጉሬ ሽማግሌ ግን አይተዋት «እሷ ካለችማ ገና ነው» ብለው ወረዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ይህን የምጽፍልህ መኪናው ባዶ እንዳይመስል አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ተሻለችን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። ሰው መግባት ጀምሯል። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።