የቦግዳን ጉልበት

ኦሮራ፣ ጥቅምት 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅነት ጓደኛዬ፣

ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለባለቤትህና ለልጆችህ ይሁን። ጤናህስ እንዴት ነው? ጉልበትህ በብርድ ጊዜ አሁንም ያስቸግርሃል? ደህና ነኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ደህና አይደለሁም፤ መቀመጫም መቆሚያም አጥቻለሁ።

ነገሩን ያመጣብኝ ጎረቤቴ ቦግዳን ነው። ዩክሬናዊ ነው፣ አማካይ፣ ልክ እንዳንተ ዞር ብሎ ሳያይ ኳስ የሚያቀብል። እዚህ በአንድ ክለብ ሦስት ዓመት ተጫውቶ ባለፈው ቅዳሜ ጫማውን ሰቀለ። እሑድ ከእኛ ከሐበሾቹ ጋር ሊጫወት ሎውሪ ሜዳ መጣ። ናቲ የሚባለው በረኛችንማ ካላሰለጠንከን ብሎ ሙጭጭ አለበት። እሱ ግን ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሮጥ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ።

አጠገቡ ሄጄ ምን እንደነካው ጠየቅኩት። በሃያ ዓመቱ ለአገሩ የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ተመርጦ፣ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ልምምድ ላይ የገዛ ጓደኛው ጉልበቱን ሰበረው። ቦታውንም ያው ጓደኛው ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በሞልዶቫም በቆጵሮስም እዚህም የተጫወተው የሚችለውን ግማሽ ነው።

ሳያስበው ይሆናል አልኩት። ሳቀብኝ። ሰውዬው ሲመጣ ኳሱን ሳይሆን ጉልበቱን ሲያይ አይቶታል። እስከ ዛሬ የሚያናድደው ግን ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል መጥቶ ማልቀሱ ነው አለኝ። በየዓመቱ የገና ካርድ ይልክለታል፣ ስለ አየሩ ጠባይ ይጽፍለታል። ቦግዳን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፖስታ ሲከፍት አንዲት የይቅርታ ቃል ይፈልጋል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። የወጋው የሚረሳ ይመስልሃል?

ወንድሜ፣ እኔም ዘጠኝ ዓመት ስለ በረዶ ነው የጻፍኩልህ። ቡድናችን ወደዚህ ሊመጣ ሲል ስምህ ከዝርዝሩ ወጥቶ የኔ ገባ። በክራንች ኤርፖርት ድረስ መጥተህ ሸኘኸኝ፣ ዕድልህ ነው ብለህ ሳምከኝ። ሆስፒታል ያመጣሁልህ እንኳ ሙዝ ነበር። አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ለምን? ስትወድቅ እኮ ቀና ብለህ ዓይኔን አይተኸዋል።

እባክህ አሁን ጠይቀኝ። አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ፣ መልሱን እኔ እጽፋለሁ።

እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ቤትህን ይባርክልህ፣ እግርህን ያጽናልህ።

በቦታህ የመጣው
ጓደኛህ