የዘለልኩት ገጽ ተኩል

ጥቅምት 4
ከስፌት ቤት ስመለስ አባዬ መስኮቱ ሥር ነበር። አጉሊ መነጽሩን ይዞ፣ መጽሐፉን አፍንጫው ላይ ለጥፎ። አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ነው፣ ተከታታይ፣ አሥራ ሰባት መጽሐፍ። ያው መርማሪ፣ ያው አሮጌ ኮት፣ ያው ብስጭት። አሥራ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ዓይኑ ግን... ሐኪሙ «ያለውን ለማቆየት እንሞክራለን» ካለ ወዲህ አናነሳውም።
«ላንብብልህ?»
«ሕፃን ነኝ?»
ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው እንዴት እሺ ይበለኝ? ግን እኔም የሱ ልጅ ነኝ። አልለቀውም።

ጥቅምት 7
ተረታ! «ድምፅሽን አታሳምሪ፣ እንደተጻፈ አንብቢ» ብሎ።

ጥቅምት 15
ደንብ አለው። የመጨረሻው ምዕራፍ ሳይጀመር ገዳዩን ወረቀት ላይ ይጽፋል። አሁን እኔ እጽፍለታለሁ። በአሥራ አንዱ መጽሐፍ አንዴም አልሳተም። «መርማሪው ዝም ሲል ጠርጥሪ» ይለኛል፣ አብሮ አደጉን እንደሚያማ።
እኔ ቀኑን ሙሉ ዩኒፎርም ስሰፋ ውዬ ዓይኔ ይከደናል። ዛሬ ስለ አንድ መደርደሪያ ገጽ ተኩል! ዘለልኩት። ምን ይጎድላል?

ጥቅምት 19
«ገዳዩ ሐኪሙ ነው» አለ። ጻፍኩ።
ገዳይዋ የሟች የእህት ልጅ ሆና ቁጭ። መርማሪው የነቃባት በመደርደሪያው ነው። አቧራው መሃል፣ የአበባ ማስቀመጫው የተነሳበት ቦታ ንጹሕ ክብ ሆኖ ቀርቷል... የዘለልኩት ውስጥ።
«መደርደሪያውን ጭራሽ አላስታውሰውም» አለ አባዬ። ከዚያ «ዓይንስ ይሂድ። ጭንቅላቴም ሄደ ማለት ነው» አለ። መዝለሌን አልነገርኩትም።

ጥቅምት 21
ምሳውን አልነካም። አሥራ ሦስተኛውን «ለሚያነብ ሰው ስጪው» አለኝ።
ቆሽቴ አረረ፣ በራሴ። ሥራ ላይ ሁለት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ለእህቴ ደወልኩ። «ተይው፣ ይረሳዋል። ከነገሩ ጦም እደሩ» አለች። አይረሳውም! ጃጀሁ ብሎ እያመነ ይኑር? ነገ እነግረዋለሁ። ያሻውን ይበለኝ።

ጥቅምት 22
ነገርኩት። አልጮኸም።
«ስንት መስመር?»
«ገጽ ተኩል።»
«ሌላስ?»
«ስለ ዝናብ፣ ስለ ነፋስ ሲሆን... አንዳንዴ።»
ያኔ ጮኸ። «አንድ ነጠላ ሰረዝ እንዳይወድቅ ብዬ ሠላሳ ዓመት ዓይኔን ጨረስኩ፤ ልጄ ገጽ ትጥላለች!» ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አለቀስኩ። እፎይም አልኩ። ጩኸቱ የጤነኛ ሰው ነበር።
ሲበርድለት «አሥራ ሁለተኛውን ከአንድ ብለሽ ጀምሪ» አለ።
«ገዳይዋን አወቅናት እኮ!»
«እሷን አውቃታለሁ። አንቺ የበላሽብኝን ግን አላውቅም።»

ኅዳር 3
ዝናቡንም ነፋሱንም አንብቤ ጨረስኩ። ገዳይዋን እያወቁ ማንበብ እንዲህ ይጥማል ለካ! ገና ምዕራፍ ሁለት ላይ ለመርማሪው ሻይ ስትቀዳ ስኳሩን ሁለቴ ትጨምርለታለች። ተንኮለኛ ደራሲ። አሥራ ሦስተኛውን ጀመርን። አንዲት ቃል አልዘልም፣ ቢያንቀላፋኝ ቆሜ አነባለሁ።

ኅዳር 18
በዚህኛው ሁለት ወረቀት ተጻፈ። የሱ፦ ወንድምየው። የኔ፦ ባለ መድኃኒት ቤቷ።
መጨረሻው ገጽ ላይ ዓይኔ ቀድሞኝ ገዳዩ ላይ ደረሰ። እሷ ናት። አባዬ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል... ስሙን ብለውጥለትስ? አያይም። ደስ ብሎት ያድር ነበር።
እንደተጻፈ አነበብኩት።
«ስቻለሁ?»
«ስተሃል፣ አባዬ።»
«ያንቺስ?»
ነገርኩት። ወንበሩን ወደ ድምፄ አዞረ። «በምን አወቅሽ?» ከገጽ አርባ ጀምሬ አስረዳሁት። እየደጋገመ ጠየቀኝ፣ ተከራከረኝ፣ ሳቀ።
«አሥራ አራተኛውን አምጪ» አለ።
«አሁን?»
«አሁን ነዋ! በልጄ ተበልጬ ልቅር?»