ቁርስ ካበሉኝ በኋላ ስለለኩት ስኳሬ

ለክብርት ዶክተር ማርሊን ፍሮሽ
የኤልክ ፕሬሪ ጤና ጣቢያ የስኳር ሕመምተኞች ትምህርት ኃላፊ
ኤልክ ፕሬሪ፣ ሚነሶታ

እርስዎን ነው የምለው፣ ክብርት ዶክተር! የጋዜጣውን ገጽ ገልበጥ አድርገው ወደ አየር ትንበያው አይለፉኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ስኳርዎ ወርዶ፣ እንቅልፍዎ ሰምሮ፣ ጉልበትዎ ደረጃውን ያለ ድጋፍ የሚወጣ ያድርግልዎ። የእኔን ጤና አልነግርዎትም፤ ስለ እሱ ጽፈው፣ ፈርመው የላኩት እርስዎ ስለሆኑ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ኦርቪል ቶርቫልድሰን እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱን ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ በዚያ ሁሉ በረዶ ነድቻለሁ፣ አንድም ልጅ መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም። ባለፈው ሐሙስ ግን ቁልፉን አስረከብኩ፤ ጤና ጣቢያዎ «የአመጋገብ ምክር አይከተልም፣ ስኳሩም ከቁጥጥር ውጭ ነው» ብሎ ለትምህርት ቤቱ ጽፏልና። በሕይወቴ ስለ እኔ ይህን ያህል በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የጻፈ ሰው የለም፤ በጣም አመሰግናለሁ። ታዲያ ቅር ያሰኙኝን ነገሮች በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፦ «ማክሰኞ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ» ብለው ጻፉልኝ፤ እኔም ሞኙ ሳልቀምስ መጣሁ። በሩ ላይ የምግብ ባለሙያዋ ጃኔል በፈገግታ ተቀበለችኝና «ኦርቪል የኔ ጌታ፣ ዛሬ አርአያ የሚሆን ቁርስ አብረን ነው የምንበላው!» አለችኝ። አርአያው ቡናማ ስኳር የተነሰነሰበት የአጃ ገንፎ፣ ስቡ ወጥቶ ማርመላታ የተጨመረበት እርጎ፣ በዚያ ላይ እንደ ባልዲ የገዘፈ ብርጭቆ ሙሉ የብርቱካን ጭማቂ ነበር። «መጀመሪያ ጣቴን ውጊኝ፣ ከዚያ እበላለሁ» አልኳት። «ወረፋው በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ነው፤ ቶርቫልድሰን በ«ቲ» ስለሚጀምር ገና ነው፣ ብላ፣ ይቀዘቅዛል!» አለችኝ። እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎት፤ እኛ ዘንድ የቀረበልህን ምግብ ሁለቴ «አይ፣ ይቅርብኝ» ብለህ በሦስተኛው ካልበላህ የጋባዧን እናት እንደ ሰደብክ ነው የሚቆጠረው። ሁለቴ እምቢ አልኩ። ጃኔል ደግሞ በደንብ ያደገች ልጅ ስለሆነች ሦስተኛውን አልረሳችውም። ስለዚህ ጥፋቴን አልክድም፤ በላሁ፤ በጨዋነቴ በላሁ።

አንደርሰኖቹ ብቻ ሰባት ናቸው፤ ስማቸው በ«ኤ» ስለሚጀምር ገና እንደገቡ በባዶ ሆዳቸው ተለኩና «ጎበዞች!» ተብሎ ተጨበጨበላቸው። እኔ ጋ ሲደረስ ገንፎው ከገባ አርባ ደቂቃ ሆኖታል። ስኳሬ ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት! ጃኔል ቁጥሩን አይታ እንደ ቀብር አስተዛዛኝ ራሷን ነቀነቀች። «ኦርቪል፣ ቤት ስትሆን ምንድን ነው የምትበላው?» አለችኝ። እንዴ! የበላሁትን ሳህን ገና አላነሳችውም እኮ!

ሁለተኛ፦ እርስዎ በትምህርቱ ክፍል ውስጥ «ትንሽ ብሉ፣ ብዙ ተንቀሳቀሱ» ይሉናል፤ የሚያምር ምክር ነው፣ ግድግዳ ላይም ይሰቀላል። እኔ ግን አራት ክረምት የከተማውን ቤተ መጻሕፍት ወንበር አሙቄ ያነበብኩት ሌላም ነገር ይላል። ረሃብ የስንፍና ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሆርሞንም ያዝዝበታል ይላል። ጭማቂ ስትጠጣ ስኳሩ በአንዴ ደም ውስጥ ይገባል፤ ኢንሱሊን ይጠራል፤ ኢንሱሊን ደግሞ የመጣውን ሁሉ ወደ ጓዳ አስገብቶ የስቡን በር ይዘጋል፤ አንተም ሳይቆይ ሌላ ፍለጋ ትዞራለህ። ይህንን ስናገር ጃኔል «ኢንተርኔት ላይ ነው ያነበብከው?» አለችኝ። አይደለም፣ ጣቴ ላይ ነው ያነበብኩት! ሁለት እንቁላልና ጎመን በልቼ ስለካ መቶ ሃያ ስምንት፤ የእናንተን አርአያ በልቼ ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት። መድኃኒቴን አንድም ቀን አላጓደልኩም፤ ለማንም ሰው «አቋርጥ» አላልኩም። የሁሉም ሰው ገላ እንደ እኔ ነው አልልም፤ ተሳስቼም ከሆነ አስተምሩኝ። ግን ስታስተምሩኝ ማርመላታ አፌ ውስጥ አትክተቱ።

ሦስተኛ፦ ቁልፉን ካስረከብኩ ወዲህ ጠዋት ስነሳ፣ ውኃ እንኳ ሳልቀምስ፣ ስኳሬ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ይጠብቀኛል። ያው ቤተ መጻሕፍት ያነበብኩት መጽሐፍ የጭንቀት ሆርሞንም ስኳር ያወጣል ይላል። ይህንን እንግዲህ በየትኛው ምግቤ ያሳብቡት ይሆን? በተረፈ ስለ ገንፎው ከልብ አመሰግናለሁ፤ በጣም ይጣፍጥ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው።

የሙያዎ አድናቂ፣ የምክርዎ ተማሪ፣ የቁርስዎ ሰለባ፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ቆሞ ሌላ ሰው የሚነዳውን ቢጫ አውቶቡስ የሚቆጥር ታዛዥዎ፣
ኦርቪል ቶርቫልድሰን

ማስታወሻ፦ እርስዎ ለትምህርት ቤቱ የላኩትን ወረቀት ቅጂ አየሁት። «ከምግብ በፊት» የሚል ሳጥን አለው፤ «ከምግብ በኋላ» የሚልም አለው። በእኔ ወረቀት ላይ ከሁለት መቶ ስልሳ ሦስቱ ጎን ሁለቱም ባዶ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ቦርድ አውቶቡሱን ለሌላ ሰው ለዘለቄታው ለመስጠት ሰኞ ይሰበሰባል። ስለዚህ ክብርት ዶክተር፣ ከሰኞ በፊት፣ በዚሁ ጋዜጣ፣ በስምዎና በፊርማዎ፣ ከተማው ሁሉ እያነበበ አንዷን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት፦ የትኛዋ ናት?