«አንድም» የሚለው ቃል

ማክሰኞ

ዛሬም አላለቀስኩም። ልጄ አንጓች ካረፈች ሠላሳ አንድ ቀን ሆነ። በቀብሩ ማግስት የባለቤቴ ታላቅ እኅት እታለም ስመኝ፣ «እንባሽ የሰማይ መንገዷን ጭቃ እያደረገባት ነው። ምነው ልጅሽን አታሳልፊያትም?» ካለችኝ ጀምሮ እንባዬን ውጬዋለሁ። እህል አልወርድ ብሎኛል።

የአንጓች መጻሕፍት አልጋዋ ሥር ካርቶን ውስጥ ናቸው። ዛሬ አንዱን አወጣሁ፤ የወንጌል ትርጓሜ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ስለተማርኩ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ሁለት ገጽ። ግን ያን ያህል ጊዜ ጭቃውን አላሰብኩም።

ረቡዕ

አልዓዛር ሞቶ ጌታ ያለቀሰበት ቦታ ደረስኩ። ስሰማው የኖርኩት ነው፤ ስለ ምን እንዳለቀሰ ግን ጠይቄ አላውቅም። ሊያስነሳው አይደል? ትርጓሜውን ልገልብጠው፦ ሰው መሆኑን ሲያስረዳ፤ አንድም ወዳጁን ስለ ወደደው፤ አንድም ለእኅቶቹ አዝኖ።

ደነገጥኩ። አንድም ስለ ወደደው! ከፍቅር ምንም የለበትም ማለት ነው፤ ከሐዘንም ምንም። መጨረሻ ላይ «አይደለም» የሚለው በማተሚያ ቤት የቀረ መስሎኝ በእርሳስ ጻፍኩበት። እንግዲያ እታለም ስመኝ ልክ ናት። እሱ እንኳ በፍቅር ካላለቀሰ እኔ ማን ነኝ?

ሐሙስ

አላነበብኩም። ልብስ አጠብኩ። የአንጓች ሹራብ ከመሀል ወጣ። አጠብኩት። አላለቀስኩም።

ዓርብ

መጽሐፉን ለአንጓች ሰንበት ትምህርት ቤት ልሰጥ ይዤው ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አያ ፈንቴን አገኘኋቸው። አሁን የሠፈራችን ወፍጮ ቤት ጠባቂ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ግን ትርጓሜ ተምረዋል።

«አያ ፈንቴ፣ ጌታ አልዓዛርን አይወደውም ነበር?» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

ገጹን አሳየኋቸው። የእርሳሱን ጽሑፍ ሲያዩ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አይ አንቺ! ሊቃውንቱን ሁሉ አስካድሻቸው እኮ! ይህ "አንድም ሰው የለም" የምንለው አንድም አይደለም። "ደግሞም እንዲህ ነው" ማለት ነው። ያም እውነት፣ ይህም እውነት።»

«ስለ ወደደው አለቀሰ?»

«ወዶት ነዋ!»

«ለእኅቶቹም አዝኖ?»

«ለእኅቶቹም።» ሳቃቸውን ትተው ትክ ብለው አዩኝ። «አንድም ለአንጓች እናት አዝኖ» አሉ።

እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ነጠላዬ ራሰ። አላባበሉኝም፤ አጠገቤ ቆሙ እንጂ። ቤት ገብቼ በላሁ። ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

ቅዳሜ

የጻፍኩትን በላጲስ አጠፋሁ። ወረቀቱ ትንሽ ተላጠ። አሥር ገጽ አነበብኩ! በየመካከሉ አለቀስኩ፣ ደግሞ ቀጠልኩ። ለእታለም ስመኝ እንዴት እንደምነግራት ብቻ ጨንቆኛል።

እሑድ

እታለም ስመኝ ለአርባው ዝግጅት ልታግዘኝ ከድብ ባሕር መጣች። ምስር እየለቀመች ዓይኔን አየችና፣ «ደግሞ ጀመርሽ?» አለች።

አልተከራከርኳትም። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ መጽሐፉን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «አንድም» ምን ማለት እንደሆነም ነገርኳት። ምስሯን መልቀም ቀጠለች። አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለችና፣ «እኔ ለአበራ አላለቀስኩም እኮ» አለች።

አበራ የበኩር ልጇ ነው፤ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

«ጭቃውን ለኔም አማቴ ናት የነገረችኝ። ሸጋ ልጅ ነበር። እስቲ ያቺን ቦታ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። «አንድም ለእኅቶቹ» የሚለውን ስጀምር ግን ልቅሶዋ ድምፄን ዋጠው። ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ አንስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።