የሻለቃ ሳል

ሐሙስ ከሰዓት፣ ኅዳር 6

ለሻለቃ ጌታ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። ታርቄህ እንዳይመስልህ፤ ሻለቃ ያንተ ውሻ ስለሆነ ማወቅ አለብህ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሻለቃ ሦስት ወር ሙሉ ሳለ። አሥራ ሦስት ዓመቱ አይደል፣ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። መጀመሪያ ሲነጋ ብቻ ነበር፤ ኋላ ደረጃውን መውጣት አቅቶት መሃል ላይ ትን እያለው ይቀመጥ ጀመር። ጎረቤታችን አናጢው "አጥንት ተሰንቅሮበት ነው" ብሎ አፉን ሊፈለቅቅ ሲል ጣቱን ሊያጣ ነበር። ይበለው!

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ልጅ እግር ናት፤ ጥያቄዋ ግን የመርማሪ ነው። ደረቱን አዳምጣ፣ ራጅ አንስታ፣ "ልቡ ደህና ነው፤ የተቆጣው የአየር ቧንቧው ነው። እስቲ ስለ ቤትዎ ይንገሩኝ" አለችኝ። ሻጋታ? የለም። የተባይ መርጫ? የለም። አቧራ? ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የጨርቅ ብናኝ መቼ ይጠፋል፤ ግን የምሰፋው በረንዳ ላይ ነው አልኳት።

"ሲጋራ የሚያጨስስ?"

"ማንም።"

ካርዱ ላይ ጻፈች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሻለቃን ፀጉር አሸተተችና ቀና ብላ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ላንተም ልንገርህ እንግዲህ። የሄድክ ሰሞን ሻለቃ እህል አልቀምስ ብሎ አራት ቀን በሩ ሥር ተጋደመ። መሳቢያህ ውስጥ የተረፈ ፓኮ አገኘሁና አንዷን ለኩሼ ወንበርህ አጠገብ መተርኮሻው ላይ አስቀመጥኳት። መጥቶ ከሥሯ ተኛ፤ ከዚያ በላ። ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲመሻሽ አንድ አንድ እለኩስለታለሁ። እኔ አላጨስም፤ ዝም ብላ ትነዳለች። "ወይ ሲጋራው ወይ እኔ" ብዬ ያስወጣሁህ ሴትዮ፣ ሱቅ ሄጄ ሲጋራህን እገዛለሁ። ባለሱቁ "ጋሼ ተመለሱ እንዴ?" ሲለኝ "አዎ" አልኩት። ምን ልበለው?

ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ አደረግኩ። መለኮሱን ተውኩ፣ መጋረጃውን አጠብኩ፣ ምንጣፉን አወጣሁ፣ የወንበርህን ልብስ ቀየርኩ። የአንገት ማሰሪያው ጉሮሮውን ይጫነዋል ስላለች በደረቱ የሚታሰር ሰፋሁለት። መስኮቱም ተከፍቶ ይውላል። በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ ጋብ አለ። ትናንት ደረጃውን ሳያርፍ ወጣ። ያለ ጭስም ይበላል፤ ለምዶታል፣ አትቀየመው።

ቤቱ አሁን ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እራት አልገባ ያለኝ እኔ ነኝ።

ፓኮው ውስጥ አንዲት ቀርታለች፤ አልጣልኳትም። ምናልባት ለመምጣት ካሰብክ ግን የምታጨሰው በረንዳ ላይ ነው። የስፌት መኪናዬን ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ለአንድ ወንበር ቦታ ይበቃል።

ያለህበት ብርድ ነው ይላሉ። ደረትህን ሸፈን አድርግ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

የሻለቃ አስታማሚ