በእማዬ ትከሻ ላይ ያለው ብርሃን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፤ እማዬም ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደህና ናት።

ፎቶ የማጥበው ያው ያንተው በነበረው ጨለማ ክፍል ነው። የማጠቢያውን ኬሚካል አንዴ እያቀጠንኩ አንዴ እያወፈርኩ መሞከሬን አልተውኩም። "ይሄን ቅመማሽን ተዪና ስሜት ፈልጊ" ስትለኝ የነበረውንም አልረሳሁም።

የኤግዚቢሽንህ መጽሔት ደረሰን፤ እንኳን ደስ አለህ! እማዬ መስኮት ሥር የተቀመጠችበት ፎቶ ሽፋኑ ላይ ወጥቷል፤ ስምህም ከሥሩ በትልቁ ተጽፏል። አስተያየትህን ፈልጌ የላክሁልህ ፎቶ እጅህ መግባቱን በዚሁ አወቅሁ።

"ትከሻዋ ላይ የምታርፈውን ፀሐይ ብዙ ጠበቅኋት" ማለትህንም አነበብኩ። ያ መስኮት እኮ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ነው፤ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ቤቱን ረስተኸው ይሆናል። ያ ብርሃን የመጣው ጨለማው ክፍል ውስጥ ምስሉ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ፣ እንዳይጠቁር ትከሻዋን በመዳፌ እየጋረድኩ ነው። ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ አትጠይቀኝ።

እማዬ መጽሔቱን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ብዙ አየችውና "ያን ቀን እሱም ነበረ እንዴ?" አለችኝ።

እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ነበረ እንጂ፤ ከኋላዬ ቆሞ ነበር" አልኳት።

"ታዲያ ምነው ሳይስመኝ ሄደ?"

የዚህን መልስ እንኳ አንተው ጻፍላት።

እሷም እኔም ጤናህን እንመኛለን።

የእጇን ሥራ የምታውቀው
ታናሽ እህትህ