ስልሳ ላይ የቆመው ስክሪን

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2010

ጠዋት ካዛንቺስ ጓደኛዬ ሙባረክ ቤት ነበርኩ። አዲሱ የጌም ስክሪኑ በሴኮንድ 144 ጊዜ ምስል ይቀይራል። ያን ያህል ምስል ለስክሪኑ የሚያቀርብ ግራፊክስ ካርድ የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ገጥሜለት ጌሙን ስንከፍት ግን ከድሮው ምንም አልተለየም። ሙባረክ ፊቱ ጠቆረ።

"ካርዱ አልቻለውም ማለት ነው። በቃ፣ ሰኞ እመልሰዋለሁ" አለ።

"እኔ መርጬው? ካርዱ ምንም አልሆነም" አልኩት።

እናቱ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆመው፣ "ታዲያ ከድሮው በምን ተሻለ ልጄ?" አሉኝ። ይሄ ይባስ እልህ አስያዘኝ።

ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። እንደጠረጠርኩት፣ ኮምፒውተሩ ስክሪኑን እንደ ድሮው በሴኮንድ 60 ላይ ነበር የሚያሠራው። ካርዱም ስክሪኑም ይችላሉ፤ የጠፋው የሚያዛቸው ሰው ነው። 144 አደረግኩትና የማውሱን ቀስት ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ አንሸራተትኩት። እትዬ ዘይነባ መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ፣ "ውይ፣ አሁንማ ለሰለሰ!" አሉ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እኔ እንዲህ ዓይነት ስክሪን ከገዛሁ ዓመት አልፎኛል። "አንዴ ዓይንህ ከለመደው ወደ 60 መመለስ አትችልም" እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከርሜያለሁ። ምን እንደከነከነኝ እንጃ፣ የራሴን ሴቲንግ ከፍቼ አየሁ።

60 ይላል።

ቀየርኩት። ሙባረክ ቢሰማ ስቆብኝ ይተወዋል። እትዬ ዘይነባ ግን እንዳይሰሙ።